የእንግሊዝኛን ድርብ ቃል ስለ መክፈል

ባለፈው ሳምንት በዚህ ዓምድ ልጆች የማታ ጥናታቸውን በየትኛው የቤት ክፍልና በምን ብርሃን ቢያደርጉ እንደሚሻል ጽፈን ነበር። ዛሬ ደግሞ ከዚያው ከጥናቱ ውስጥ አንዲት ትንሽ ነገር አንሥተን እንነጋገራለን፤ ይኸውም ከሁለት ቃል የተገጠመ የእንግሊዝኛ ቃል በየት በየት እንደሚከፈል ነው። ነገሩ ለአዋቂ ሰው እዚህ ግባ የማይባል ይመስላል። ዳሩ ግን በእኛ ቤት አንዲትን ልጅ ከትምህርት ሊያስቀራት ጥቂት ቀርቶት ነበር።

የእኅታችን ልጅ ከገጠር መጥታ ከእኛ ጋራ ከተቀመጠች ሁለተኛ ዓመትዋ ነው፤ አራተኛ ክፍል ናት። አባትዋ በብዙ ልመና የላካት «አንድ ዓመት ከወደቀች ተመልሳ እናትዋን ታግዛለች» የሚል ቃል ካስገባን በኋላ ነው። ከጥቂት ጊዜ በፊት የእንግሊዝኛ መጽሐፍዋን ከሌሎቹ ለይታ ከአልጋ ሥር ደብቃ የቤታችን እመቤት አገኘችባት። ብንጠይቃት ዝም አለች። ኋላ እያለቀሰች እንደ ነገረችን፥ በክፍል ውስጥ ተነሥታ ስታነብ ፌንጣ ማለት የሆነውን ግራስሆፐር የሚለውን ቃል «ግራስ ሾፐር» ብላ ስላነበበች ልጆቹ ሁሉ ሣቁባት፤ ከዚያም ቀን ጀምረው ስምዋን ትተው «ሾፐር» ይሏት ጀመር።

የልጅቱ ስሕተት ከስንፍና የመጣ አይደለም። በእንግሊዝኛ ኤስና ኤች የሚባሉት ፊደሎች ጐን ለጐን ሲቆሙ «ሽ» ሆነው ይነበባሉ ተብላ ተምራለች፤ ሺፕ መርከብ ነው፥ ፊሽ ዓሣ ነው። በፌንጣው ስምም ውስጥ ኤስና ኤች ጐን ለጐን ቆመዋል። እንግዲህ ልጅቱ የተማረችውን ነው የሠራችበት። ያልተነገራት ነገር ቢኖር ኤሱ የአንደኛው ቃል መጨረሻ፥ ኤቹ ደግሞ የሁለተኛው ቃል መጀመሪያ መሆናቸው ነው። ግራስ ሣር ነው፤ ሆፐር ዘላይ ነው። በሁለቱ ጎረቤታሞች መካከል ግድግዳ አለ፥ ነገር ግን አይታይም።

እኛም በመጀመሪያ ያደረግነው ነገር ደግ አልነበረም፤ ይህን መሰወር አይገባንም። ፊደል የቈጠርነው በቤተ ክርስቲያን ተማሪ ቤት ስለ ሆነ፥ በንባብ ቤት እንዳደረጉልን በቍጥር እናስጀምራት ብለን ቃሉን በአማርኛ ፊደል ጻፍንና «ግ፥ ራ፥ ስ፥ ሆ፥ ፐ፥ ር» እያልን አስቈጠርናት። ስድስት ሆነ። በማግሥቱ አስተማሪው ይህ ቃል ስንት ሲላብል አለው ብሎ ቢጠይቅ፥ እርስዋ በአጎትዋ ተማምና እጅዋን አነሣችና «ስድስት» አለች። ሁለተኛ ተሣቀባት። የመጀመሪያው ጥፋት የእንግሊዝኛ አጻጻፍ ነበር፤ ይኸኛው ግን የእኛ ነው።

ሲላብል ማለት በአንድ የአፍ መክፈት የሚወጣ የቃል ቍራጭ ነው፤ የአማርኛ ሰዋስው መምህራን ቀለም ይሉታል። በእኛ ጽሕፈት እያንዳንዱ ሆሄ ተነባቢውንና አናባቢውን ባንድነት ስለሚይዝ ሆሄና ቀለም አንድ ይመስሉናል፤ ሳድሱ ሆሄ ግን ብዙ ጊዜ አናባቢውን አጥቶ በጎረቤቱ ላይ ይደገፋል። እንግሊዞች ደግሞ ሦስት ተነባቢዎች ከፊት፥ ሁለት ከኋላ አድርገው በአንድ አናባቢ ላይ ለመጫን አይሳቀቁም። ገመድ ወይም ሲባጎ ማለት የሆነው ስትሪንግ በእኛ ፊደል አምስት ሆሄ ነው፤ በእነርሱ አፍ ግን አንድ ቀለም ብቻ ነው። በሚሲዮን ትምህርት ቤት ሳለን እኛም «እስትሪንግ» እያልን ከራሳችን ኪስ አንድ ቀለም ጨምረን እናነብ ነበር። መምህራችን ይህን ለማስተው እጃችንን ከአገጫችን ሥር አድርገን ቃሉን እንድንናገር ያዙን ነበር፤ አገጭ ስንት ጊዜ ዝቅ እንዳለ ቈጥረህ ቀለሙ ያን ያህል ነው ማለት ነው። ይህን ዘዴ ረስተነው ኖረን ያን ቀን ማታ ትዝ አለን። ልጅቱ እጅዋን ከአገጭዋ ሥር አድርጋ ግራስሆፐር ብትል ሦስት ጊዜ ዝቅ አለ።

ይሁን እንጂ አገጭ የሚቈጥረው አስቀድሞ በትክክል የተነገረውን ቃል ብቻ ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ በመጽሐፍ ላይ የተገኘውን ቃል እንዴት እንደሚነገር ያላወቀ ልጅ አገጩን ይዞ ቢቀመጥ ምን ይጠቅመዋል? «ግራስ ሾፐር»ም ቢሆን አገጭን ሦስት ጊዜ ዝቅ ያደርጋል። ልጅቱ ራስዋ ናት ይህን ያስተዋለችው። «ጋሼ፥ ስሕተቱም ትክክሉም ሦስት ከሆነ በምን ለያችኋቸው ትሉኛላችሁ?» አለችን። መልስ አልነበረንም።

መልሱን ያገኘችው የቤታችን እመቤት ናት። እርስዋ እንግሊዝኛ አልተማረችም፤ በዚያ ሰዓት ለልጅቱ ልታሳጥርላት ብላ አንድ አሮጌ ቀሚስ ትተረትር ነበር። «ልብስ የሚፈታ ሰው መቀስ ከማንሣቱ በፊት ስፌቱን ይፈልጋል፤ ጨርቁን ከመካከል የቈረጠ እንደ ሆነ ግን አበላሸው። እናንተም አስቀድማችሁ ስፌቱን ፈልጉ፤ የቀረው ከዚያ በኋላ ነው» አለች።

በእውነትም ነገሩ እንዲሁ ነው። አንድን ቃል የምንቈርጥባቸው ሁለት መንገዶች አሉ፤ አንደኛው በትርጕሙ፥ ሁለተኛው በድምፁ ነው። በትርጕም የተቈረጠውን የዛሬ የትምህርት መጻሕፍት ምዕላድ ይሉታል። ሁለቱ አቈራረጦች አንዳንድ ጊዜ ይገጥማሉ፥ አንዳንድ ጊዜ ይለያያሉ፤ በድርብ ቃል ስፌት ላይ ግን አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ስፍራ ይገናኛሉ። ስለዚህ አስቀድሞ ስፌቱን ፈልጎ ቃሉን ለሁለት መለየት፥ ከዚያም እያንዳንዱን ወገን ለብቻው ማንበብ ነው። ኤስና ኤች በስፌቱ ወዲህና ወዲያ ከቆሙ በኋላ ማንም አስገድዶ «ሽ» ሊያደርጋቸው አይችልም።

ፌንጣውን ቃል በቍራጭ ወረቀት ላይ ጽፈን በመቀስ ቈረጥነው። ከስፌቱ ስንለየው ግራስ ባንድ ወገን፥ ሆፐር ባንድ ወገን ሆነ። ሆፐር ደግሞ ሆፕ ከሚለው፥ ዘለለ ከማለት፥ አድራጊውን የሚያመለክት ኧር የሚባል ድኅረ ቅጥያ ተጨምሮበት የተገኘ ነው። እንግዲህ በትርጕም ብንቈርጠው ሣር፥ መዝለል፥ አድራጊ፤ ሦስት ይሆናል። በድምፅም ሦስት ነው። ነገር ግን ሦስቱና ሦስቱ አንድ አይደሉም። መዝገበ ቃላት በቀለም ሲከፍለው ሁለተኛውን ቍራጭ በአንድ ፒ ይጨርስና ሦስተኛውን በሌላ ፒ ይጀምራል፤ በትርጕም ግን አድራጊው ኧር ብቻ ነው፥ ፒ የለበትም።

ያቺ ትርፍ ፒ ከየት መጣች? ለአጻጻፍ ሥርዓት ሲባል የገባች ናት፤ በፊትዋ ያለው አናባቢ አጭር ሆኖ እንዲነበብ ትጠብቀዋለች። እርስዋ ባትኖር ቃሉ ሆውፕ ከሚለው፥ ተስፋ ከማለት፥ የመጣ መስሎ ይነበብ ነበር። ልጅቱም ፌንጣው በአንድ ፒ ምክንያት ተስፈኛ ሊሆን እንደ ነበር ስትሰማ ከብዙ ቀን በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ሣቀች።

እዚህ ላይ ወላጆች እንዲያስተውሉት የምንፈልገው አንድ ነገር አለ። በአማርኛ ድምፅ ሲጠብቅ እንሰማዋለን እንጂ አንጽፈውም፤ ገና የሚለው ቃል ጠብቆ በዓሉን፥ ላልቶ ጊዜው አለመድረሱን ሲያመለክት በጽሕፈት ግን ያው ነው። በእንግሊዝኛ ነገሩ ተገልብጦ ይገኛል፤ ፊደሉን ሁለት አድርገው ይጽፉታል፥ ነገር ግን አያጠብቁትም። ስለዚህ የእኛ ልጆች ሁለት ፒ ባዩ ጊዜ እንደ ልማዳችን ሆፐርን አጥብቀው ያነባሉ። ከዚህ ሥርዓት የሚወጣው በስፌት ላይ ያለው ነው። የሒሳብ መዝገብ ያዥ በእንግሊዝኛ ቡክኪፐር ይባላል፤ መጽሐፍ ያዥ እንደ ማለት ነው። በአጻጻፉ ሁለት ኦ፥ ሁለት ኬ፥ ሁለት ኢ ተከታትለው ስለሚሰለፉ ለዓይን የሚያስገርም ቃል ነው። እነዚህ ሁለት ኬዎች ግን እንደ ፌንጣው ፒ አይደሉም፤ አንደኛው የቡክ፥ ሁለተኛው የኪፐር ነው፤ ስለዚህ በአፍም ጠበቅ ብለው ይሰማሉ። እንግሊዝኛ የሚያጠብቅበት ስፍራ ቢኖር በስፌቱ ላይ ነው ማለት ይቻላል።

ይህን ካወቅን ወዲህ ልጅቱ በየመጽሐፉ የሐሰት ጥንዶችን ትለቅማለች። ፒና ኤች ተጋጥመው «ፍ» ይሆናሉ ይባላል፤ ዳገት ወደ ላይ ማለት በሆነው አፕሂል ግን አይሆኑም። ቲና ኤች ሲገናኙ ምላስን ከጥርስ መካከል ያወጣሉ፤ የመንገድ ጉድጓድ ማለት በሆነው ፖትሆል ግን እያንዳንዳቸው በየቤታቸው ናቸው። እረኛ ማለት የሆነው ሼፐርድም ከበግና ከጠባቂ የተገጠመ ስለ ሆነ «ፍ» የለበትም፤ የሚገርመው ግን ስፌቱን ከመጠበቁ ጋራ ኤቿን ራስዋን አፍ በልቷታል። የዕቃ ቁም ሣጥንም እንዲሁ ነው፤ ካፕ ሲኒ፥ ቦርድ ሳንቃ ሆኖ ሲኒ የሚደረደርበት ሳንቃ ማለት ነበር፤ ዛሬ በንግግር ከበርድ ነው፥ ፒዋ በወረቀት ላይ ብቻ ቀርታለች። እንግዲህ ስፌቱን ማግኘት ቃሉ ምን እንደ ነበረ ያስታውቃል እንጂ ዛሬ እንዴት እንደሚነገር ሁልጊዜ አያስታውቅም፤ ብዙ ዘመን የተለበሰ ልብስ ስፌቱ ይጠፋል። ብሬክፈስት የሚሉት ቁርስም ጾምን መስበር ማለት ነው፤ ለብቻው ሲሆን ብሬይክ የሚለው ቃል እዚህ አጥሮ ብሬክ ሆኗል። እነርሱ ጾሙን ይሰብራሉ፤ እኛ ደግሞ እንጀራውን ቈርሰን ቁርስ አልነው።

ከስፌቱ ወዲህና ወዲያ ያሉት ሁለት ቃላት ማን ጌታ ማን ሎሌ እንደ ሆነም ማወቅ ይገባል። በግዕዝ ተናባቢ የሆኑትን ብናይ ጌታው ቀድሞ ይመጣል፤ ቤተ ክርስቲያን ቤት ነው፥ ቀድሞ የዳኞች አለቃ የነበረው አፈ ንጉሥም አፍ ነው፥ የንጉሥ አፍ። አማርኛ የሚያውቅ ሰው ይህን ማዕርግ «አፈን ጉሥ» ብሎ አይቈርጠውም፤ ስፌቱ በደሙ አለና። በእንግሊዝኛ ግን ጌታው ከኋላ ይመጣል። ቦትሃውስ ቤት ነው፥ ጀልባ የሚያድርበት፤ ሃውስቦት ደግሞ ጀልባ ነው፥ ሰው የሚኖርበት። ሁለቱ ቍራጮች እነዚያው ሲሆኑ ቅደም ተከተሉ ብቻ ንብረቱን ይለውጠዋል፤ በውርስ ክርክር ይህን ያህል ልዩነት ቀላል አይደለም።

ከዚህም ሥርዓት የሚያመልጡ አሉ። ፒክፖኬት መጨረሻው ፖኬት፥ ኪስ ማለት ነው፤ ሰውዬው ግን ኪስ ሳይሆን የኪስ ሌባ ነው። በእኛም እጀ ጠባብ እጅም ጠባብም አይደለም፥ የሚለበስ ልብስ ነው። በጽሕፈት ሥራችንም የሚያጋጥመን ስቴክሆልደር የሚለው ቃል አለ። ስቴክ የውርርድ ገንዘብ፥ ሆልደር ያዥ ነው፤ በመጀመሪያው አነጋገር ሁለት ሰዎች ሲወራረዱ ገንዘቡን በአደራ የሚይዝ፥ ለራሱ ግን ከገንዘቡ አንዳች የማያገኝ ሦስተኛ ሰው ነበር። ዛሬ በየውሉና በየዘገባው የምናየው ግን ባለድርሻ ተብሎ የሚተረጐመው፥ በነገሩ ጥቅም ያለው ሰው ነው። ቍራጮቹን ብቻ አይቶ የሚተረጕም ሰው ከአንዱ ወደ ሌላው ሊወድቅ ይችላል።

ስፌት በሌለበትም ስፌት የሚታይበት ጊዜ አለ። ልጅቱ መቀሱን ከለመደች በኋላ ምንጣፍ ማለት የሆነውን ካርፔት ካር መኪና፥ ፔት የቤት እንስሳ ብላ ለሁለት ከፍላ የመኪና ድመት አድርጋ አመጣችልን። አንድነት ማለት የሆነውን ቱጌዘርንም ከሦስት ቈርጣ «እርስዋን ለማግኘት» ብላ ተረጐመችው፤ በዓይን ሲታይ በእርግጥ ሦስት ቃል ይመስላል። ለዚህ መፈተኛው ቀላል ነው። ቍራጮቹ ተደምረው ለቃሉ ትርጕም ምንም ብርሃን ካልሰጡ ስፌቱ የሐሰት ሊሆን ይችላልና መዝገበ ቃላት ማየት ነው።

በዚህ ግን ልጆች ብቻ አይሳሳቱም። ሄሊኮፕተር በእንግሊዝኛ ሰዎች አፍ ሄሊ እና ኮፕተር ተብሎ ተቈርጧል፤ ሄሊፖርት የሚባለው ማረፊያም ከዚህ አቈራረጥ ወጣ። የእውነተኛው ስፌት ስፍራ ግን ሌላ ነው። ቃሉ ከጽርዕ ሄሊክስ፥ ጥምዝ፥ እና ፕቴሮን፥ ክንፍ፥ ተወስዶ በ1861 ዓ.ም. እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በፈረንሳይ የተሠራ ስለ ሆነ ሄሊኮ እና ፕተር ነው። ሐምበርገርም ሐምቡርግ ከምትባለው የጀርመን ከተማ ስም ወጥቶ ሳለ ሐም፥ የዓሣማ ሥጋ፥ እና በርገር መስሎ ተቈረጠ፤ ይኸው በርገር ራሱን ችሎ ቺዝበርገርን ወለደ። ስሕተት ብዙ ሰው ሲሠራበት ቃል ይሆናል።

መምህራኑም በአቈራረጥ የተስማሙ አይደሉም። ኖዋ ዌብስተር የተባለው አሜሪካዊ መምህር በ1783 ዓ.ም. እንደ አውሮጳ አቈጣጠር የፊደል መማሪያ መጽሐፉን ባወጣ ጊዜ፥ ከእርሱ በፊት ልጆች ይማሩበት የነበረውን የእንግሊዛዊውን የዲልዎርዝን አከፋፈል ነቅፎ ነበር። በቀድሞው ልማድ ቢሾፕ፥ ጳጳስ፥ «ቢ» እና «ሾፕ» ተብሎ ይከፈል ነበር፤ ዌብስተር ግን ቃል እንደሚነገር ይከፈል፥ «ቢሽ» እና «ኦፕ» ይባል አለ። የአፍንጫ ቀዳዳ ማለት የሆነውን ኖስትሪልንም ከ«ኖ» እና «ስትሪል» ወደ «ኖስ» እና «ትሪል» መለሰው። ይህ ቃል በጥንት አፍንጫና ቀዳዳ ከሚሉ ሁለት ቃላት የተሰፋ ስለ ነበረ፥ ዌብስተር በድምፅ የቈረጠበት ስፍራ ከጥንቱ ስፌት ጋራ ገጠመለት። ሁሉ ግን እንዲህ አይገጥምም። ዕውቀት ማለት የሆነውን ኖውሌጅን በመሥመር መጨረሻ ላይ ሲከፍሉት አሜሪካኖች ድምፁን ተከትለው ከኤል በኋላ፥ የብሪታንያ ሰዎች ደግሞ አወቀ የሚለውን ኖውን ሳይነኩ ከኤል በፊት የመቍረጥ ልማድ አላቸው።

የእኛ ብራና ጸሐፊዎች ከዚህ ሁሉ ጣጣ ነጻ ነበሩ። መሥመሩ ባለቀበት ሆሄ ላይ ቃሉን ትተው ያለ ምንም ምልክት ወደሚቀጥለው መሥመር ይወርዳሉ፤ ሁለት ነጥብ እስካልመጣ ድረስ ቃሉ አላለቀምና አንባቢ አይደናገርም። ለልጅቱ ይህን ብንነግራት «እንግሊዞቹስ ለምን ሁለት ነጥብ አያደርጉም?» አለች።

ያለፈው ሰኞ የማንበብ ተራዋ ደርሶ ነበር። ገጹ ያው የፌንጣው ገጽ ነው። ልጆቹ ለመሣቅ ተዘጋጅተው ይጠብቁ እንደ ነበር ነገረችን፤ ከቃሉ ስትደርስ በስፌቱ ላይ ጥቂት አረፍ ብላ «ግራስ» አለች፥ ከዚያም «ሆፐር»፥ ፒዋን ሳታጠብቅ። አስተማሪው ምንም ሳይናገር «ቀጥዪ» አላትና እስከ ገጹ መጨረሻ አነበበች። መጽሐፉ አሁን ከአልጋ ሥር ወጥቶ በጠረጴዛው ላይ ነው፤ በውስጡ የተቈራረጡ ወረቀቶች ስለ ሞሉበት ግን አልዘጋ ብሏል።